የመሰላል ግራ ጉልበት

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከወገባችንና ከምላሳችን በቀር ደህና ነን፤ ወገባችን አልታዘዝ፣ ምላሳችን አልከደን ብሎናል። የምትረግጪው መሬት ይደላደልልሽ፣ እጅሽ የዳሰሰው ሁሉ ይዳን። እናትሽ «በልታ ታድራለች ወይ ብለህ ጻፍ» ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ፣ መልሱን ለእሷ ላኪ።

ባለፈው ሳምንት ከምትሠሪበት የቅርጫት ኳስ ክለብ ለክር ፋብሪካችን ደብዳቤ መጣ። ማኅተሙን ሳየው አንቺ የሆነ ነገር የሆንሽ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ለካስ የፈለጉት መሰላልን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት መጥተሽ ሲጫወት ያየሽው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው ረጅሙ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቻችን። እሱን ስጡንና ሁለት ተጫዋች እንስጣችሁ ይላሉ፤ አንዱ ቀለበቱ ሥር የሚቆም ደልዳላ፣ ሌላው ኳስ አመላላሽ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክር የሚፈትል ሰው ጠፍቷል፤ ሁሉም የሚፈትለው ወሬ ነው። አምና ካስቆጠርነው ነጥብ ግማሹ የመሰላል ነው፤ ዘንድሮ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን እናልፋለን ብለን ነበር። የቀለም ክፍሉ ፎርማን በር ላይ ቆሞ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም!» ይላል። የዕቃ ቤቱ ሹም ደግሞ «አንድ ዓይን ያለውማ ሁለተኛ ሲሰጡት እምቢ አይልም» ብሎ መለሰለት። ፎርማኑ ዝም ይላል መሰለሽ? «ሁለት አጭር ቢቀጣጠል አንድ ረጅም አይወጣውም!» እኔም የቡድኑ ወጌሻ በመሆኔ አልተረፍኩም፤ ፋሻዬንና ቅባቴን ይዤ በጓሮ ስገባ እንኳ ይዘው ያፋጥጡኛል። የሚወስነው አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው። ከዚያ በፊት የጤናውን ወረቀት እኔ እፈርማለሁ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ይሂድ ባይ ነኝ። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ዕድሉን ያግኝ።

ስሙን ለክለቡ የሰጠሽው አንቺ ነሽ? ስልክ ግን እንዳትደውይ። የፋብሪካው ስልክ ያለው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ ሃሎ ስል ሦስት ክፍል ያዳምጣል። እንደ ወትሮው ስድስት ፋሻ ብትልኪልኝ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤሽን ሲጠብቅ ደጅ ደጅ የሚያይ አጎትሽ

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣ ለመጀመሪያ አስተማሪዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እጅዎን ከመንቀጥቀጥ፣ ቤትዎን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። ለእማዬ በልቼ እንደማድር ይንገሩልኝ፤ ካላመነች ወፍራለች ይበሏት።

አዎ፣ ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በነሐሴ አሰልጣኛችን አንገቱን ሊታሽ እኛ ክፍል መጥቶ «አንድ ረጅም ሰው የሚያውቅ የለም ወይ?» እያለ ሲያማርር አፌ ቀደመኝ። በቀልድ የተናገርኩት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አሁን ልመልሰው ብል አልችልም።

የምሠራበት ክፍል ስድስት አልጋ አለው፤ መስኮቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ያያል። ከእኔ በላይ ያለችው ዋናዋ ሐኪም ብዙ የማትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አንዱን ተጫዋች እንደ እርስዎ ሁለቱንም ጉልበት አስሬ አይታኝ «ይህን ቋጠሮ ማን አስተማረሽ?» ብላኛለች። «አጎቴ» አልኳት። ያንን አልረሳችም። በቀደም ጠርታኝ እንዲህ አለችኝ፤ «ይህን ሰው በየሳምንቱ የሚዳስሰው ያንቺ አጎት ነው አሉ። እሱ ጤነኛ ነው ካለና አንቺም ከፈረምሽ ይበቃኛል።»

ጋሼ፣ እዚህ ከመጣሁ ፊርማዬን የጠየቀኝ ሰው ሲኖር የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ የተፈረመበትን ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል የማደርስ ነበርኩ። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ መሰላል ጤነኛ ነው? ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ወገቡ? አንድ መስመር ይበቃኛል።

ይሂድ ባይ ነኝ ማለትዎ ግን ገርሞኛል። «ምሰሶውን ለውጦ ሁለት መስኮት ያስገባ ሰው ቤት የለውም» ይሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ስድስቱ ፋሻ በጥቅሉ ውስጥ አለ።

እርስዎን የምትወድ የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለወፍራሟ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፣ ብርዱ አይንካሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። ፋሻዎቹ ደርሰውኛል፣ እጅሽ ይባረክ። ለእናትሽ ወፍራለች ብላት «እንግዲያው ታማለች ማለት ነው፣ ማበጥ ነው» ብላ አለቀሰች። ሁለተኛ እንዲህ ያለ መልእክት አታስይዢኝ።

ስለ መሰላል ጠይቀሽኛል። ምን ልበልሽ፣ ልጁ ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከአሰልጣኙ ቀድሞ ሜዳ ይገኛል። ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጋር ስንጫወት ሠላሳ አንድ ነጥብ አስቆጠረና ሰዉ አንጠልጥሎት ወጣ። ፎርማኑ የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኛ ፊርማ ሰብስቦ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ለጥፏል። የገረመኝ ያ ሁሉ ሰው ሲፈርም መሰላልን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው አለመኖሩ ነው። እኔ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ አታስቀሩኝ» አለኝ። ሥራው ክር መቁጠር እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ክር ይቆጥራል፣ ማታ ቀና ብሎ ይዘላል።

ከተቻለሽ አሥራ ሁለት ፋሻ ላኪልኝ፤ ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን። እብጠት የሚያሟሽሽ ቅባትም ካለ ጨምሪበት።

እግረ መንገዴን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ የማውቀው ሽማግሌ ሸማኔ አለ። የግራ ጉልበቱ ቀጭ ይላል፤ ሥራ ውሎ ሲገባ ያብጣል፣ አንዳንዴም ተቆልፎ አልዘረጋ ይለዋል። እናንተ ጋ እንዲህ ያለውን ያድናሉ? ዝም ተብሎ ቢቆይስ ምን ያመጣበታል? አሳዝኖኝ ነው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 18 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ለእማዬ እንዳልታመምኩ ይማሉልኝ፤ ክብደቴን ተመዝኜ ወረቀቱን ልኬላታለሁ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጠባዩን ጽፈውልኛል፣ ነጥቡን ጽፈውልኛል፣ ፎርማኑ የሰበሰበውን ፊርማ ብዛት ሳይቀር ጽፈውልኛል። የጠየቅሁዎት አንድ መስመር ግን የለበትም። ረስተውት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እርስዎ ግን የሚረሱ ሰው አይደሉም።

ስለ ሽማግሌው ሸማኔ ሐኪሟን ጠየቅሁልዎ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ፤ እሱ ተቀዶ ይሆናል አለች። ቶሎ አርፎ ቢታከም ወይም ቀላል ቀዶ ጥገና ቢደረግለት ይድናል። ሥራውን ከቀጠለ ግን አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል። በተለይ መዝለል የለበትም አለችኝ።

ሸማኔ ግን አይዘልም። ጋሼ፣ ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው? አሥራ ሁለት ሰፋፊ ፋሻስ ለአንድ ሽማግሌ ምን ያደርግለታል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እዚህ ሥራዬ መጠየቅ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እኛ ጋ የሚመጣ ተጫዋች በገባ በሁለተኛው ቀን በማሽን ይታያል። ነገር ግን ልውውጡ ከዚያ በፊት ስለሚፈረም የእኛዎቹ ሁለቱ ተጫዋቾች ቀድመው ወደ እናንተ ይሄዳሉ፤ ፊርማዬን የፈለጉት ለዚህ ነው። አምና አንድ ሰው ሕመሙን ደብቆ መጣ። ሻንጣውን ሳይፈታ መለሱት። ክለቦች ደግሞ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም።

ሐኪሟ የመሰላልን አቋቋም ማየት ስለፈለገች አንድ ፎቶ ይላኩልኝ። ያንን አንድ መስመርም አብረው ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ችኮላ ላይ ስለሆንኩ ባጭሩ ነው። ኮሚቴው ትናንት ሦስት ለሁለት ወስኖ መሰላል ይለወጥ ብሏል። የጤና ወረቀቱን ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ልጁ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ብረት ነው። አንቺም ሳትሰጊ ፈርሚ። ፎቶውም ይኸው፣ በቀደም ጨዋታ ሊጀመር ሲል የተነሳው ነው። ስለ ሸማኔው አትጨነቂ፣ ተሽሎታል።

አጎትሽ

ጥር 27 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎን እመኝልዎታለሁ። ሌላ ምርቃት አፌ ላይ አልመጣ ስላለኝ ዛሬ በዚህ ይለፉኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከደስታዬ ብዛት ፎቶውን ይዤ ወደ ሐኪሟ ክፍል ሮጥኩ። በሩ ላይ ሰው አነጋግራ እስክትጨርስ ቆሜ ፎቶውን ማየት ጀመርኩ። መሰላል ኳሱን በአንድ እጁ ይዞ ይስቃል። ሁለቱም ጉልበቱ ታስሯል። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይለውም፤ እርስዎ ሁልጊዜ ሁለቱንም ያስራሉ፣ ባላጋራ የቱን መምታት እንዳለበት እንዳያውቅ።

እኔ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ከክር መጋዘኑ ጥግ ፋሻዎን ስጠቀልል አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። ለሰው እንዳልናገርም አስምለውኝ ነበር። ጤነኛ ጉልበት ቋጠሮው ወደ ውጭ ይሆናል። የታመመ ጉልበት ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይሆናል። ጨዋታው ጦፎ ተጫዋቹ ሲወድቅ የትኛውን እግር መጎተት እንደሌለብዎት በሩጫ ለይተው እንዲያውቁ። ይህን በዓለም ላይ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን።

የመሰላል ቀኝ ጉልበት ቋጠሮው ወደ ውጭ ነው። የግራው ወደ ውስጥ ነው።

ሽማግሌው ሸማኔ ለካስ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስምንት ሳንቲም ኖሯል።

ሐኪሟ «ግቢ» ስትለኝ «በኋላ እመለሳለሁ» ብያት ሄድኩ። ተቆጥቻለሁ ጋሼ። ከቁጣው ይልቅ ግን ፍርሃቱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከፈረምኩ፣ እዚህ በገባ በሁለተኛው ቀን ማሽኑ ያወጣዋል። እኔ ሥራዬን አጣለሁ፤ ይሁን፣ እጅ አለኝ፣ ሌላ እፈልጋለሁ። እሱ ግን እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ በዚያ ጉልበት ይዘላል፣ ከዚያም በሰው ፊት ተዋርዶ ይመለሳል። እግሩንም ስሙንም ባንድ ላይ ያጣል።

ያልተፈረመው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ሐኪሟ እስከ መጋቢት 10 ቀን ጊዜ ሰጥታኛለች። ከእርስዎ እውነተኛ ቃል እጠብቃለሁ። ካልመጣ እኔው እነግራታለሁ።

እርስዎን የሚያህል ሰው ዋሸኝ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ የጻፍኩት ያየሁትን ብቻ ነው።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም የምልበት ፊት ባይኖረኝም ሰላም ልበልሽ። የሰጠሽኝ ቀን አልፏል። ያልሽውን እንዳደረግሽ አልጠራጠርም፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው ፋሻ ነው። መጀመሪያ አላመንኩሽም። ማታውን መሰላል ለልምምድ ሲመጣ አሰርኩትና አጎንብሼ አየሁ። ወደ ውስጥ ነው። ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አሁንም ወደ ውስጥ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ እጅ ነው፤ እኔ ስዋሽ እሱ አልተባበረኝም። መሰላል «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። ጠበቀብህ ብዬ ነው አልኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። መስከረም ላይ ዘሎ ሲወርድ እግሩ ተጣመመበት፤ ቀጭ ሲል ከመቀመጫዬ ሰምቼዋለሁ። ለኮሚቴው ልናገር ስል መጋዘኑ ድረስ ተከትሎኝ መጣና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ይህን ከተናገሩ እስከ ሞቴ ክር ስቆጥር ነው የምኖረው» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ካንቺ ክለብ ደብዳቤው መጣ። እኔም በሞኝ ልቤ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። እዚያ ማሽኑም ሐኪሙም አለ፤ አንቺም አለሽ። አንዴ ይግባ እንጂ የራሴ ሰው ነው ብላ ታስጠግነዋለች አልኩ። ሻንጣውን ሳይፈታ የተመለሰውን ሰው ታሪክ ጽፈሽልኝ እንኳ «እሱ እዚያ የራሱ ሰው አልነበረውም» ብዬ አለፍኩት። ለካስ የእሱን ጉልበት በፋሻ፣ ውሸቴን ባንቺ ፊርማ እየሸፈንኩ ኖሯል። ምሰሶው መሰንጠቁን የማውቅ እኔ ብቻ ሆኜ «ይሂድ፣ ይለወጥ» እል ነበር፤ የዕቃ ቤቱ ሹምማ አርቆ አሳቢ ብሎኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ፋሻ መያዣው ሳጥን ውስጥ ከትቼ ሦስት ሳምንት ተሸክሜው ዞርኩ። በየጨዋታው ኳሱን ማየት ተውኩ፤ የማየው ያንን ግራ እግር ነው። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ እቆጥራለሁ፤ ስንት ጊዜ ወረደ፣ በየትኛው እግር ወረደ። አንድ ቀን ነጥብ አስቆጥሮ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀልኝ። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

መጋቢት 6 ቀን ኮሚቴው የመጨረሻውን ወረቀት ሊፈርም ሲሰበሰብ ሳልጠራ ገባሁ። የፈረምኩት ሐሰት ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ከፊቱ ገፋው። ፎርማኑ እንኳ አሸነፍኩ ብሎ አልተደሰተም፤ መሰላል ቢቀር የሚጫወትበት ጉልበት የለውማ። ለክለባችሁ እንዲጻፍ ተወሰነ። እኔን የጤና ወረቀት እንዳልፈርም አገዱኝ። ማሰር ግን አልከለከሉኝም፤ የሚታሰርልኝ ከተገኘ ነው እንግዲህ።

መሰላል በማግስቱ መጥቶ ጫማውን ከክፍሌ ወሰደ። ቃል አልተናገረኝም። ያለ እሱ ሦስት ጨዋታ ተሸንፈናል፤ አንደኛ ዲቪዚዮን የሚባለውን ትተነዋል። በር ላይ ሳልፍ ወሬው ይቆማል። ይህስ ቀላል ነው። ያንቺን ስም ማጉደፌ ነው የማይወጣልኝ።

ዛሬ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

አጎትሽ

ሚያዝያ 13 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ልብዎን ያሳርፍልኝ። አሁን በእውነት ነው የምመርቅዎ።

መጋቢት 10 ቀን እስከ ማታ ፖስታ ቤቱን ስመላለስበት ዋልኩ። ምንም አልነበረም። ገብቼ ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቋጠሮውንም፣ ሸማኔውንም። በማግስቱ አልጋ ላይ ያለ ሰው እንዳልነካ ተነገረኝ። አሥራ ሁለት ቀን ፎጣ አጣጥፌአለሁ። ፎጣው አልከበደኝም። የከበደኝ እርስዎ ዝምታውን መርጠዋል ብዬ ማመኔ ነበር። እያጣጠፍኩ «ጋሼ እንዲህ ነበሩ እንዴ?» እያልኩ አለቅስ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የፋብሪካው ደብዳቤ ደረሰ። ሐኪሟ ቀኑን ደጋግማ አየችው። «አጎትሽ የተናገረው አንቺ ከመናገርሽ አራት ቀን ቀድሞ ነው» አለችኝ። ከዚያ «ፎጣውን ተይው፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ ሰው እየጠበቀሽ ነው» አለችኝ። እኔም ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለውን ሰው እያሸሁ እንደገና አለቀስኩ፤ እሱ ለሕመሙ ያዘንኩ መስሎት «አይዞሽ፣ ያን ያህል አያመኝም» አለኝ።

ክለቡ ሌላ ተጫዋች ወስዷል፤ ይህ ልውውጥ አልቋል። ግን ሐኪሟ የመሰላልን የጉልበት ራጅ ላኩልኝ ብላለች። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ቀዶ ጥገናው እናንተው አካባቢ ባለው ትልቁ ሆስፒታል ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንቅስቃሴ ነው ዋናው ብላኛለች። እንቅስቃሴውን በየሳምንቱ ከፋፍዬ በሁለት ገጽ ጽፌለታለሁ። እባክዎ ያድርሱለት። ባያናግርዎትም ጫማው ባለበት ያስቀምጡለት።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 17 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለአለቃዬ፤

ጤናሽን ያብዛልሽ፣ የጠላሽ ፎጣ ያጣጥፍ። እናትሽ ያ የክብደት ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ሰቅላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስነብባለች።

መሰላል ግንቦት ላይ ቀዶ ጥገና እንደተደረገለት ጽፌልሽ ነበር። ያልጻፍኩት አለ። ሁለት ገጽሽን ጫማውን በሚያስቀምጥበት ሣጥን ላይ አስቀምጬለት ነበር፤ አንስቶታል። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ በምርኩዝ እያነከሰ መጋዘኑ ድረስ መጣና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ይህን ብቻዬን መሥራት አልችልም» አለ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም፣ እኔም ይቅር በለኝ አላልኩትም። «ጫማህን የት አደረስከው?» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጋዘኑን ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ከረምን። መጀመሪያ ሦስት ደረጃ፣ በመጨረሻ ሃያ ሁለቱንም። አሁን ይዘላል። የበፊቱን ያህል አይደለም፤ አንድ ጣት ያህል ይጎድለዋል። አያብጥም፣ ቀጭ አይልም። ይህን ስጽፍ እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ በእሷ ፊት እንደማልዋሽ ታውቂያለሽ።

ቡድኑስ ብትይ፣ መሰላል በሌለበት እነዚያ አጫጭሮቹ መቀባበል ለመዱ። ቀድሞ ኳስ ሲይዙ ዓይናቸው እሱን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ዓመቱን መሐል ላይ ጨረስን፤ አልወጣንም፣ አልወረድንም። ፎርማኑ እንኳ «ቤቱ ያለ ምሰሶም ይቆማል ለካ» ብሏል። ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን፣ የክለባችሁ አሰልጣኝ ዳግመኛ ጠይቋል አለ። ዘንድሮ የበር ላይ ጭቅጭቅ አልነበረም። መሰላልን አስገብተው ጠየቁት። ልሂድ አለ። ግን የጉልበቱን ታሪክ ከአምናው የመስከረም ቀጭታ ጀምሮ በራሱ እጅ ጽፎ ከራጁ ጋር አያይዞ ሰጣቸው። አምስት ለባዶ ተወሰነ። ለሐኪምሽ በፋብሪካው በኩል ይደርሳታል።

እኔም ፎቶ ልኬልሻለሁ። ምስጢራችንን ካወጣሽብኝ ወዲህ እጄ አፍሯል፤ ሲያስር ያስባል። የሚያስብ እጅ ደግሞ መዋሸት ይችላል። ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስለ እናትሽና ስለ ክብደት ወረቀቱ እያወራሁለት ነው ያሰርኩት። ፎቶ አንሺው አነሳው፣ ራሱ በወረቀት ጠቀለለልኝ። ቋጠሮው ወዴት እንደወደቀ እኔ አላየሁም። አንቺ እይው፣ ያየሽውንም ለሐኪምሽ ንገሪያት።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 14 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣ ለመጀመሪያ አስተማሪዬ፤

ጤና፣ ዕድሜና የሚታሰር ጉልበት አያሳጣዎ።

የመሰላል ጽሑፍና ራጁ ከእርስዎ ደብዳቤ ሁለት ቀን ቀድመው ደረሱ። ሐኪሟ ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይምጣና ልየው። ግን አጎትሽ ምን ይላል?» አለችኝ። እኔም የእርስዎን ደብዳቤ ስጠብቅ እንደ አምናው ፖስታ ቤቱን ስመላለስበት ሰነበትኩ። ፖስታ አድራሹ እንኳ ፊቴን አይቶ «ዛሬ የለም» ለማለት ፈራ።

ትናንት መጣ። ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው በወረቀት የተጠቀለለው ፎቶ ነው። ሳልፈታው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ደብዳቤዎን አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ።

«አጎቴ ደህና ነው ይላል» አልኳት።

«ፎቶ ልኳል?»

«ልኳል። ገና አላየሁትም።»

ትንሽ አየችኝና ብዕሯን አቀበለችኝ። ይምጣ በሚለው ወረቀት ላይ፣ ከስሟ በታች ስሜን ፈረምኩ።

ፎቶውን የፈታሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ናቸው። የግራው ግን ትንሽ ላልቷል፤ ዓይንዎን ጨፍነው ስላሰሩት ነው። ወደ እኛ ከመነሳቱ በፊት ያጥብቁለት።

የእህትዎ ልጅ